አንቴና ከመስቀላችን በፊት

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ቃሉ እንዳለ እዚህ ተለጥፏል።)



 የዛሬው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት አለበት። ጉዳዩም በየቤቱ ጣሪያ ላይ እየተሰቀለ ያለው የኔትወርክ ማጉያ፣ በተለምዶ «ቡስተር» የምንለው መሣሪያ አንቴና ነው።

አንቴና ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሬዲዮን ጥራት ባለው ድምፅ ለመስማት ከቤት እስከ ዛፍ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የጣሪያ አንቴና መጣ፤ ቆይቶም ዲሽ ተከተለ። አሁን ደግሞ ተራው የሞባይል ስልክ ሆኗል።

እንደሚታወቀው በመንዝም ሆነ በግሼ፣ በመርሐቤቴም ቢሆን ስልክ መደወል የቦታ ጉዳይ ነው። አምባው ላይ የቆመ ሰው ደኅና ይነጋገራል፤ ገደሉ ሥር ያለው ግን «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ይውላል። ምክንያቱም የስልክ ሞገድ በአብዛኛው እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ነው፤ ተራራ ሲጋርደው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ቤታችን ደግሞ ለብርድ ብለን ያወፈርነው የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ድንጋዩ ሞገዱን ይውጠዋል፣ የጣሪያው ቆርቆሮም ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ደጅ ላይ የሚሠራው ስልክ እቤት ሲገባ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ማጉያው ሦስት ነገር አለው። አንደኛው ደጅ ተሰቅሎ ከማማው ሞገድ የሚቀበለው አንቴና፣ ሁለተኛው የሚያጎላው ሣጥን፣ ሦስተኛው እቤት ውስጥ የሚያሰራጨው ትንሽ አንቴና ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማጉያ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን ይዛችሁ ቤታችሁን ዙሩ። በየትኛውም ጎን ደጅ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ማጉያ ገዝቶ መስቀል ከንቱ ድካም ነው። በመስኮት አጠገብ ስልኩ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ምን አስቸኮለን? መስኮቱ ይበቃል።

አሁን ወደ አደጋው ልግባ። አደጋው አራት ነው።

አንደኛ፣ የመብራት መስመር። በሰፈር መካከል የሚያልፈው ከፍተኛው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የሚሸከም ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልትም ቢሆን ሰው ይገድላል። «ምሰሶዬ ባሕር ዛፍ ነው፣ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» የሚል አለ። እርጥብ እንጨት ያስተላልፋል እኮ! ስለሆነም ምሰሶ የሚተከለው ቢወድቅ እንኳ መስመሩን በማይነካበት ቦታ ይሁን። ምሰሶው 6 ሜትር ከሆነ ከመስመሩ ቢያንስ 9 ሜትር ይራቅ፤ ይኸውም የቁመቱ አንድ ጊዜ ተኩል ማለት ነው። በመብራት ምሰሶ ላይ አንቴና ማሰር ፈጽሞ ክልክል ነው። ስትተክሉ ምሰሶው ካመለጣችሁ ልትይዙት አትሞክሩ፤ ልቀቁትና ዞር በሉ። ብረት ይተካል፣ ሰው አይተካም።

ሁለተኛ፣ ከጣሪያ መውደቅ። የደጋው ነፋስ የሚታወቅ ነው፤ ጧት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው በውርጭ ይንሸራተታል። ሥራው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ይሁን። ብቻውን የሚወጣ አይኑር፤ አንዱ መሰላል ይያዝ። መሰላል ሲቆም ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። በቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ ሚስማር የተመታበትን መስመር ተከተሉ፤ ማገሩ ከሥሩ ያለው እዚያ ነው። ምሰሶውን በጭቃ በተያያዘ ካብ ጫፍ ላይ አትሰሩ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ተወጥሮ ለብቻው መሬት ላይ ቢቆም ይመረጣል። የወጣሪው ሽቦ ልጆችና ከብት እንዳይጠልፍ ነጭ ጨርቅ ይታሰርበት።

ሦስተኛ፣ መብረቅ። አገራችን ደጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ነጎድጓዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ መብረቅ በአማካይ 30,000 አምፔር ያህል ይዞ ይወርዳል፤ መንገዱ ላይ ያለው አየር ደግሞ ከፀሐይ ገጽታ ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ይግላል። ታዲያ በጣሪያ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ብረት፣ ሽቦው በመስኮት ገብቶ ከአልጋ አጠገብ ካለ ሣጥን ጋር የተያያዘ፣ ለመብረቅ የተጠረገ መንገድ አይደለም እንዴ?

መፍትሔው ለመብረቁ ሌላ መንገድ በደጅ ማበጀት ነው። ይኸውም «ግራውንድ» የሚባለው ነው። ከምሰሶው እስከ መሬት ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በውጭ በኩል ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ መብረቅ ድንገተኛ እጥፋት አይወድም፣ ከታጠፈበት ዘሎ ይወጣል። ሽቦው 2.5 ሜትር ገደማ ወደ መሬት ከገባ የመዳብ ዘንግ ጋር በመቆንጠጫ ይታሰር፤ በእጅ መጠምዘዝ ብቻ አይበቃም፣ ሲዝግ ይላቀቃል። በእኛ አገር ጥቂት ቆፍረን ዓለት ማግኘታችን የተለመደ ነው። ዘንጉ አልገባ ካለ በአንቴና ሥራ የታወቀው ሌላው መንገድ ሁለት ረጃጅም መሪዎችን በቦይ አጋድሞ መቅበር ነው። ይህና ግራውንዱን ከቤቱ ኤሌክትሪክ ግራውንድ ጋር ማያያዝ የባለሙያ ሥራ ነው። የውኃ ቧንቧን እንደ ግራውንድ መጠቀም ግን ይቅር፤ ብዙው ቧንቧ አሁን ፕላስቲክ ነው።

የሣር ክዳን ያላችሁ ደግሞ አንቴናውን ከክዳኑ ጋር አታገናኙት። ከቤቱ ራቅ ባለ ምሰሶ ላይ ይቁም። ሣርና ብልጭታ አብረው አያድሩም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ግራውንድ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ደመና ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ማጉያውን ከሶኬት ንቀሉ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ፤ ድምፁ ከ30 ሴኮንድ በፊት ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ያለ ይውረድ፤ ሽቦውንም ማንም አይንካ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሥራው መመለስ የለም።

አራተኛው አደጋ የሚደርሰው በጎረቤት ላይ ነው። በሰርግ ድንኳን ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። የደጁና የቤቱ አንቴና ከተያዩ ማጉያውም እንደዚያው ይጮኻል፤ በጆሯችን አይሰማም እንጂ ማማውን ያደነቁረዋል። ያን ጊዜ አንዱ ቤት ደኅና ይነጋገራል፣ የሰፈሩ ስልክ ግን ይቆራረጣል። የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኛ ሊታወክ ይችላል። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ለመጥራት ስትደውል መስመሩ እንቢ ቢላት ተጠያቂው ማን ነው? ይህንን እስቲ እናስብበት።

ስለዚህ ሁለቱ አንቴናዎች ጀርባ ይሰጣጡ፤ የደጁ ከላይ፣ የቤቱ ከታች ሆኖ የጣሪያው ቆርቆሮ በመካከላቸው ይሁን። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ከበራ የማጉላት ኃይሉን ቀንሱ፣ ካልተስተካከለም አጥፉት። አንቴና በሰቀላችሁበት ቀን የጎረቤት ስልክ መበላሸት ከጀመረ ለአንድ ሰዓት አጥፍታችሁ ሞክሩት። ማጉያ የሬዲዮ መሣሪያ ነው፤ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የተፈቀደ መሣሪያ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ የስልክ ድርጅታችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ እርዳታ ሁለት ቃል ልጨምር። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ፤ በቅድሚያ ብሬከሩን አውርዱ። የተበጠሰው ከፍተኛው መስመር ከሆነ ሁሉም ይራቅ፣ የመብራት ሠራተኞችም ይጠሩ። በመብረቅ የተመታን ሰው ግን መንካት አያስፈራም፤ በገላው የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ትንፋሽ ከሌለው በደረቱ መካከል በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ሌላው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይደውል። «አለቀለት» ተብሎ የተተወ ሰው ሊተርፍ ይችል ነበር።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ጠንካራ መሰላልና የደኅንነት ገመድ በጋራ ገዝተን በየተራ እንጠቀም። የተሰቀሉትን አንቴናዎች ከክረምት በፊት ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ዞሮ ይመልከታቸው። የኔትወርኩ ችግር የሁላችን ስለሆነም በየጣሪያው ከመሻማት ይልቅ በአንድ ማመልከቻ ለስልክ ድርጅቶቹ እናቅርብ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ እንጀምር።