ጎተራው ሲቃጠል



ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስንማር የጦር ሜዳዎቹን ስም በቃላችን እናጠናለን። ጎተራ ግን ከጦር ሜዳ አይቈጠርምና፣ ዛሬ ስለ ጎተራው ልንናገር ወደድን። (ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ጄኔራል ሸርማን ኖቬምበር 15 ቀን 1864 ከአትላንታ ተነሥቶ፣ 60 ሺህ ያህል ወታደር አስከትሎ፣ ዲሴምበር 21 ቀን ሳቫና ከተማ ገባ። ከኋላው ስንቅ አይመጣለትም ነበርና ሠራዊቱ የገበሬውን በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ዐሳማና በቅሎ እየወሰደ ተጓዘ፤ ወፍጮውን አቃጠለ፤ የባቡሩንም ሐዲድ በእሳት አግሎ በዛፍ ላይ ጠመዘዘ። ሸርማን ራሱ በጻፈው ሪፖርት በጆርጂያ የደረሰውን ጥፋት 100 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ሲገምት፣ ለጦሩ የጠቀመው 20 ሚሊዮኑ ብቻ እንደ ሆነና የቀረው እንዲያው ውድመት መሆኑን አልሸሸገም። እንግዲህ ከአምስቱ እጅ አራቱ ለማንም ያልበጀ ነው ማለት ነው! ይህን የሚለን ጠላቱ ሳይሆን አቃጣዩ ራሱ ነው።

በዚያው ዓመት ጄኔራል ሸሪዳን በሸናንዶዋ ሸለቆ ከ2,000 የሚበልጡ እህልና ድርቆሽ የሞላባቸው ጎተራዎች ማቃጠሉን ለአለቃው አስታወቀ። ከተቃጠለባቸው ገበሬዎች መካከል ሃይማኖታቸው ጦር መሣሪያ ማንሣት የሚከለክላቸው ሜኖናይቶች ነበሩበት።

ይህ አድራጎት ጦርነቱን አሳጥሯል የሚሉ አሉ። የደቡቡ ወታደር ቤተ ሰቡ መራቡን በደብዳቤ እየሰማ ጦሩን ጥሎ መኮብለሉ እውነት ነው። እኛም ለባሪያ አሳዳሪው እንባ አናፈስም። ነገር ግን በዚያ ጎተራ የነበረው በቆሎ የባሪያውም ቀለብ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ቀለቡ ሲሄድበት፣ ነፃነትም ስለ ጠማው፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ሠራዊቱን ተከተለ። ዲሴምበር 9 ቀን ኤቤኔዘር ከተባለው ወንዝ ሲደርሱ ጄኔራል ጄፈርሰን ዴቪስ (ስሙ ከደቡቡ ፕሬዚዳንት ጋር አንድ ይሁን እንጂ የሰሜን መኰንን ነው) ጦሩን አሻግሮ ተንሳፋፊውን ድልድይ አስነሣ። ከኋላ የደቡብ ፈረሰኛ ደረሰባቸው፤ ሴቱም ሕፃኑም ወደ ውሃው ገባ፤ ብዙውም ሰጠመ።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1865 ሸርማን በባሕሩ ዳር ካለው መሬት ለየቤተ ሰቡ እስከ 40 ኤከር፣ በእኛ አቈጣጠር ከጋሻ ሁለት አምስተኛ ያህል፣ እንዲሰጥ አዘዘ። 40 ሺህ ያህል ሰዎችም ሰፍረው ማረስ ጀመሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ መለሰው፤ ያረሱትም ለቀድሞው ጌታ በውል ተቀጥረው እንዲሠሩ፣ እንቢ ካሉም መሬቱን እንዲለቁ ታዘዙ።