«ጋብ አለለት» ስንል



ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ሌሊቱን ሲያቃስት፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ፣ አፍንጫው ሲርገበገብ ያድርና ሊነጋጋ ሲል ዝም ይላል። «ተመስገን፣ ጋብ አለለት» እንላለን። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዝምታው የድካም የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ልቡም አብሮ እየዘገየ ነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለዚህኛው ዝምታ ልናገር ነው።

ልብ የሚመታው ራሱ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው። ሐኪሞች ይህን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያነቡበት መሣሪያ ኢሲጂ ይባላል፤ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። የልብ ሕዋሳት ሶዲየምን እያስወጡ፣ ፖታሲየምን እያስገቡ ለቀጣዩ ምት ይዘጋጃሉ። ይህ ያለ ጉልበት አይሆንም፤ ጉልበቱም ያለ ኦክስጅን አይዘልቅም።

በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲጎድል ልብ መጀመሪያ ይፈጥናል፤ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ቶሎ ቶሎ ለማዳረስ ይሮጣል። ጉድለቱ ሲበረታ ግን ምት የሚያስጀምሩት ሕዋሳት ይደክማሉ። ኢሲጂው ላይ በምትና በምት መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄድና በመጨረሻ መስመሩ ይተኛል። የአዋቂ ልብ በድንገት ሲቆም ብዙ ጊዜ ሕመሙ የልቡ የራሱ ነው። የልጅ ልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ትንፋሽ ከድቶት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በታች ሲሆን አዋላጇ ከመድኃኒት በፊት አምቡ ባግ የሚባለውን በእጅ የሚጨመቅ አየር መስጫ የምታነሳው ለዚህ ነው። አየር በወጉ ሲገባለት፣ የዘገየው ልብ ብዙ ጊዜ ዓይናችን እያየ ይመለሳል። በሕክምና ሥራ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ነገር አላውቅም።

የኦክስጅን ጉድለቱን የሚያሳየን በልጁ የእግር አውራ ጣት ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቀይ ብርሃን በጣቱ ያሳልፍና የደሙን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ያወጣል። ከ90 በታች ካሳየ ልጁ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። እግሩ ከቀዘቀዘ መሣሪያው ሊሳሳት ስለሚችል አሙቁለትና ድገሙ። ያለንበት የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የልጆቻችን ቁጥር ከቆላው በትንሹ ሊያንስ ይችላል፤ ጤነኛ ልጅ ግን እዚህም ከ90 በታች አይወርድም።

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የኦክስጅንና የዚህን የጣት መለኪያ መሣሪያ አቅርቦት ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥታ ነበር። ጤና ኬላ ግን ዛሬም ኦክስጅን የሚገኝበት ቦታ አይደለም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውኃ በሚተኛበት ክረምት ደግሞ መንገዱ ራሱ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ቀድሞ መነሳት የእኛ ድርሻ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ልጁ ዝም ሲል ልብሱን ገለጥ አድርጉና ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላልሞላው 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ከደረሰ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም አልነቃ ካላችሁ፣ ትንፋሹ ቢዘገይም እንኳ ንጋትን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። እዚያም ስትደርሱ «ጣቱ ላይ ለኩልኝ» በሉ።