አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲተርፍ

ሀ፦ ከፃግብጂ እስከ ሰቆጣ ኮምፒውተር ባለበት ቤት ሁሉ የሠርጉም የክርስትናውም ፎቶግራፍ በአንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ተወስኖ መቀመጡ ዘወትር ያሳስበኛል።

ለ፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው ይላሉ?

ሀ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 የበርክሌይ ሊቃውንት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ሬይድ ብለው ያሳተሙት ሥርዓት ነዋ፤ በሬይድ 1 ሁለት ዲስኮች አንዱን ነገር በአንድነት ይጽፋሉ፤ አንደኛው ቢሞት ሁለተኛው ሥራውን ይቀጥላል።

ለ፦ ሬይድ በሚመሠረትበት ጊዜ ነባሩ ዲስክ ይደመሰሳል ሲባል ግን ያስፈራል።

ሀ፦ እውነትዎን ነው። ስለዚህ በሊኑክስ አስቀድሞ መጠኑ እኩል የሆነውን አዲስ ዲስክ፣ ጓደኛው እንደ ጎደለ ቆጥሮ ብቻውን መመሥረት፤ ከነባሩ ሁሉን ቀድቶ፣ ፋይሎቹንም ከፍቶ ካረጋገጡ በኋላ አሮጌውን መጨመር ነው። በአሮጌው ላይ የነበረው የሚደመሰሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለ፦ ይሁን፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በስሕተት የተሰረዘው ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ቤት ቢቃጠልም ሁለቱ አብረው ይነዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ማኖሩን ያስቡ።

ሀ፦ እስማማለሁ፤ እንግዲያው ሦስተኛው ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ተቀድቶ ሰቆጣ ካለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ለ፦ በየወሩም ይታደስ።