ጊዮርጊስ ማለት ምን ማለት ነው

በቦዲቲ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ነገር ግን ትርጓሜው ያልታወቀ ስም እንደ ተዘጋ ሣጥን ነው፤ ተሸካሚው ክብደቱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም።

በአገራችን ገብረ ጊዮርጊስ፥ ወልደ ጊዮርጊስ፥ ኃይለ ጊዮርጊስ የተባሉ ብዙዎች ናቸው። ሰውም ይህን ስም በሰማ ጊዜ ነጭ ፈረስንና ጦርን ያስባል፤ ሞፈርና ቀንበርን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ስሙ የጽርዕ ቃል ነው። በጽርዕ «ጌ» ምድር፥ «ኤርጎን» ሥራ ማለት ነውና፥ ከእነዚህ «ጌዎርጎስ» ተገኘ፤ ይኸውም ምድርን የሚሠራ ገበሬ ማለት ነው። በግዕዝ ሐራሲ፥ በወላይታ ቋንቋ ጎሻንቻ የሚባለው እርሱ ነው። ስሙም በየሕዝቡ አፍ ድምፁን እየለወጠ ሄደ፤ ዓረብ ጂርጂስ፥ ፈረንሳይ ዦርዥ፥ እንግሊዝ ጆርጅ፥ እስጳንያ ሆርሄ፥ ሩሲያ ዩሪ ይለዋል። እንግዲህ ጆርጅ መባልን ሥልጣኔ፥ ጊዮርጊስ መባልን ኋላ ቀርነት አድርጎ የሚቈጥር ሰው ቢኖር፥ አንዱን ሰው በሁለት ልብስ አይቶ ሁለት ሰው መሰለው።

ሊቀ ሰማዕታት፥ ፍጡነ ረድኤት የሚለው የሰማዕቱ ምስጋና ነው፤ መጠሪያው ግን የገበሬ ስም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዕለተ ጊዮርጊስ በዐድዋ ከተሰለፈውም ሠራዊት ብዙው ማረሻውን አስቀምጦ የዘመተ ገበሬ ነበረ።

ከዚህ የሚበልጥ ክብር ደግሞ አለ። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 15 ጌታችን ራሱን በወይን ግንድ፥ አብን በገበሬ መስሎ አስተማረ፤ በጽርዑ መጽሐፍ በዚያ የተጻፈው ቃል ይኸው «ጌዎርጎስ» ነው። አብ የተመሰለበትን ሥራ ማን ይንቀዋል?

ስለዚህ በዳሞት ጋሌ ማልዶ በሬውን የሚጠምድ፥ እንሰቱን የሚኰተኵት አባት፥ በአያቱ ቋንቋ የወጣለት ስም ምንም ቢሆን፥ በግብሩ ጊዮርጊስ ነው። የክርስትና ስምም የቤትን ስም ሊሽር አልመጣም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እንደ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ናቸው።

እናንተም ልጆች ሆይ፥ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ጭቃ በነካው በአባታችሁ እጅ አትፈሩ። ጊዮርጊስ ብላችሁ በጠራችሁ ቍጥር የአባታችሁን ሥራ ጠርታችኋልና።