የአባቶቻችን ዝናርና የእኛ ሠርግ

(ዘንዘልማ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። የአነጋገሩን ለዛ ሳንነካ ነው የለጠፍነው። አንብባችሁ ለወንድሞቻችሁ አጋሩ።)

ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ በሉ፤ ይሄ ድምፅ ማጉያ እንደምታዩት ጉልበት የለውም።

ዛሬ የመጣሁት ስለ ጥይት ልናገር ነው። ስትስቁ አያለሁ። «ይሄ ደግሞ ስለ ጥይት ምን ያውቃል» የሚልም አይጠፋም። ስለ ተኩስ አይደለም ወገኔ፣ ስለ ዋጋው ነው። ጥር እየመጣ ነው። ጥር መጣ ማለት ሠርግ መጣ ማለት ነው፤ ሠርግ መጣ ማለት ደግሞ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ጥይት ዋጋ ስንት እንደገባ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ነገ ስለሚለወጥ ቁጥር አልጠራም። በልባችሁ ያዙት። አሁን በ30 አባዙት። አንድ የክላሽ ካዝና ማለት ነው። ክላሽ በአውቶማቲክ ሲለቀቅ በደቂቃ 600 ያህል ይተኩሳል። እንግዲህ 30ዋ በ3 ሰከንድ አለቀች! ሙሽራው ከመኪናው ሳይወርድ፣ እናቱ እልልታዋን ሳትጨርስ። ያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ማዳበሪያ ይገዛ ነበር? የተበላሸችውን የውኃ ፓምፕ ያሠራ ነበር ወይስ አያሠራም? መልሱን ለራሳችሁ።

«ተኩስ የአባቶቻችን ባህል ነው» የሚል አለ። እሺ፣ ወደ አባቶቻችን እንሂድ።

ውጅግራ የሚለውን ስም ሁላችንም ከቀረርቶ ነው የሰማነው። ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ ፊዚ ግራ፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ መሣሪያውን ያወጣው መኮንን ስም ነው። እንደ ፈረንጆች በ1874 የፈረንሳይ ጦር መታጠቂያ ሆነ። 12 ዓመት ቆይቶ በ1886 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ሲመጣ ውጅግራው ለእነሱ አሮጌ ሆነ። የፈረንጅ ነጋዴ ታዲያ አይጥለውም! በኦቦክና በጅቡቲ አድርጎ ወደ እኛ አመጣው። ልክ እንደ ዛሬው ሰልባጅ በሉት፣ የጠመንጃ ሰልባጅ።

አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር? በደንብ ያውቁ ነበር። አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ ሐረር የሄደ ሰው በስሙ የሚጠራውን ቤት አይቷል። በወጣትነቱ ገጣሚ ነበር፣ ኋላ ነጋዴ ሆነ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሒሳቡን አስቀምጦታል፦ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጣ፣ እዚያ አገር አሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣ ጠመንጃ፣ ለምኒልክ 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። ልቡ በትርፍ ተሞልቶ 2,000 ያህል ጠመንጃና የሬሚንግተን ጥይት በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ። በየበረሃው ወራት ፈጅቶ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። ምኒልክ ግን ያን ጊዜ ሐረርን ይዘው፣ ከዚያም መሣሪያ አግኝተው ነበር የተመለሱት። ዕቃውን በጅምላ ተመኑት፣ ዋጋውንም ቆረጡት። የሞተው ሸሪክህ ዕዳ አለበት ተባለና ከዚያ ላይ ደግሞ ተቀነሰ። የቀረውንም በእጁ አልሰጡትም፤ ሐረር ሂደህ ተቀበል ተብሎ ወረቀት ተጻፈለት። ይህን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅሁት። ሰውዬው ሊያተርፍ መጥቶ እያጉረመረመ ተመለሰ። ምኒልክ አንዲት ብር በከንቱ አትወጣም የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

ከዚያም በፊት በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ግብፆች ሲሸነፉ ሬሚንግተናቸው በምርኮ ነው የገባው። በገንዘብ አልተገዛም፣ በደም ነው። በደም የመጣን ነገር ማን ወደ ሰማይ ይበትነዋል?

ደግሞ ጥይት ገንዘብ ነበር። የምሬን ነው፣ እየቀለድሁ አይደለም። በብዙ የአገራችን ገበያ ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ሆኖ ይሠራ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ ባሕር ዳር ገበያ ወጥቶ የመቶ ብር ኖት ወደ ሰማይ የሚበትን ሰው ብናይ ምን እንላለን? ጠበል ውሰዱት አይደል የምንለው?

ቀለሃም ቢሆን አይጣልም ነበር። የውጅግራ ቀለሃ ወፍራም ናስ ነው፤ የሚጎርሰውም ጥቁር ባሩድ ነው። ባሩድ ደግሞ እዚሁ አገር የሚቀምሙ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለዚህ ቀለሃው ተለቅሞ ተመልሶ ይሞላ ነበር። እዚህ ላይ አንዳንድ ልጆች «እኛስ ለምን አንሞላም» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ቁርጡን ልንገራችሁ። የዛሬው የክላሽ ቀለሃ በአብዛኛው ናስ አይደለም፤ ላዩ የተቀባ ብረት ነው። አንድ ጊዜ እንዲተኮስና እንዲጣል ነው የተሠራው። ውስጡ የሚፈጠረው ግፊትም ከውጅግራው ጋር አይወዳደርም። ቤት ውስጥ ልሞላ ያለ ሰው የሚያተርፈው የተሰነጠቀ መሣሪያና የጎደለ ጣት ነው። ረከሰ ተብሎ ከማይታወቅ ሰው በጨለማ የሚገዛውም ያው ነው። እርጥበት የበላው ይሁን ምን ይሁን አታውቁትም። በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነው። ጥይትን የሚያረክስ መንገድ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ አለመተኮስ።

ወደ 1928 ልመልሳችሁ። ጣሊያን ሲመጣ መንግሥታቱ መሣሪያ ለሁለቱም አንሸጥም ብለው ነበር። ፍትሕ ይመስላል አይደል? ግን ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ አለው፣ እኛ የለንም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት በእኛ በጎጃም የነ በላይ ዘለቀ፣ የነ መንገሻ ጀምበሬ ሰዎች ዝናራቸውን የሚሞሉት በአብዛኛው ከጠላት ቀምተው ነበር። እንግሊዞች እንኳ በ1932 መጨረሻ ልናግዝ መጣን ሲሉ፣ መጀመሪያ ካደሉት ውስጥ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርሰው አሮጌው ማርቲኒ ነበረበት። አሁንም ሰልባጅ! በዚያ ዘመን ዝናሩ ውስጥ አሥር ጥይት የቀረችው አርበኛ ምን ያህል አስቦ ቃታ እንደሚስብ ገምቱ። «ባህላችን ነው» ብለን የምንጠራው የዛሬው ማንጣጣት የዚያ ሰው ልማድ አይደለም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁት ልናገር የመጣሁትን እያዘገየሁ ነው። ልናገረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሙሽሮቹ ሲገቡ ስምንት መሣሪያ አንድ ላይ ጮኸ። ሽለላው፣ እልልታው፣ አቧራው፣ ምን አለፋችሁ፣ ደስ ይል ነበር። ምሳ ሳይነሣ ከማዶ ሰው እየሮጠ መጣ። ጓሮዋ ቡና ስትወቅጥ የነበረች የ12 ዓመት ልጅ ትከሻዋ ላይ ተመትታለች። የተኩስ ድምፅ የመጣው ከእኛ ዳስ ብቻ ነበር።

ወደ ላይ የተተኮሰች ጥይት ስትወርድ እንደ ወጣችበት ፍጥነት አትወርድም፤ አየሩ ያዘገያታል። ግን የራስ ቅል ለመብሳት የሚበቃ ኃይል ይቀራታል። ደግሞ በሠርግ ግርግር ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ የሚይዝ የለም። ትንሽ ዘመም ካለ ጥይቷ ኃይሏ ሳይበርድ ከኪሎሜትር በላይ ሄዳ ነው የምታርፈው። እናንተ እየጨፈራችሁ፣ እሷ ማዶ ሰው ቤት።

ልጅቷ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክንዷ ግን እስከ ዛሬ እንስራ አያነሣም። ሽማግሌ ተቀመጠ። «ማን ነው የተኮሰው?» ተባለ። ስምንታችንም ዝም አልን። ከስምንቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። የእኔ ትሁን የሌላው እስካሁን አላውቅም፣ ማወቅም አይቻልም። ካሣውን ስምንታችን ተከፋፍለን ከፈልን። እኔ አንድ በሬ ሸጥሁ። አባቷ ያቺን አረር በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ መሐል አስቀመጣት። አንድ ቃል አልተናገረም። የጣት ጥፍር ታህላለች። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

መሣሪያ ያላችሁ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ልውሰድባችሁ አላልኩም። ሠርግ ስትሄዱ ግን ቤት ይቅር። እሺ የማይል ዘመድ ካለ ካዝናው ይውጣና ለአንድ ሽማግሌ ይሰጥ። ጥር ውስጥ ወንድሜን ልድረው ነው። ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ዳሱ በር ላይ ሳጥን አለ፤ ሊተኩስ ያሰበ ሁሉ የአንድ ካዝናውን ዋጋ እዚያ ይክተት፣ ሙሽሮቹ ወተት ላም ይገዙበታል። የማዶዋ ልጅም ትመጣለች፣ እናቷ እሺ ብላኛለች። ሳጥኑን አናጢው ለቅዳሜ አደርሳለሁ ብሏል።