የማይታየውን በስሌት ስለ መፈለግ



በጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ፕሮቶኖችን የሚያጋጭ መሣሪያ ይገኛል። ከግጭቱም አንዳንድ ጊዜ ቶፕ ኳርክ ይወለዳል፤ ይኸውም ከፕሮቶን 180 ጊዜ ያህል የሚከብድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ የተገኘ ቅንጣት ነው። ነገር ግን ወዲያው ስለሚፈርስ የሚመዘገበው ፍርስራሹ ብቻ ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ሊቃውንቱ የግጭቱን ሕግ ለኮምፒዩተር ይሰጡታል፤ እርሱም ዕጣ እየጣለ ብዙ ሚሊዮን ግጭቶችን በስሌት ያስመስላል። ይህም ዘዴ በቁማር ቤት ስም ሞንቴ ካርሎ ይባላል። ከዚያም የስሌቱ ፍርስራሽ ከእውነተኛው ጋር ይመሳከራል።

ሁለቱ ባይስማሙስ? አስቀድሞ ስሌቱና መሣሪያው ይመረመራሉ፤ ስሕተት ካልተገኘባቸው አዲስ ነገር ተገኝቶ ይሆናል። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ስሌት ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።