ሆንግ ኮንግን እንደገና፣ በእግርና በትራም

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬውን ምሽት ያዘጋጁት ሰዎች «ስለ ፎርምና ስለ ቢሮ ሁልጊዜ ስንነግራቸው ነው የምንውለው፤ እስቲ አንቺ ካየሽው አገር አንዱን አጫውቻቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም እዚህ ፊታችሁ ስቆም የማወራው ስለ ኡልፓን፣ ስለ ኩፓት ሖሊምና ስለ ወላጆች ስብሰባ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጊዜ ስላየኋት ስለ ሆንግ ኮንግ ልንገራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩት በ2005 ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ እንደጨረስኩ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተነሣን። የዚህ አገር ወጣቶች ከሠራዊት ሲወጡ ቦርሳ አዝለው የመዞር ልማድ አላቸው፤ ልማዱን ወላጆቻችን አልወደዱትም። እናቴ «እኛ አገር ፍለጋ እግራችን ተልጦ እዚህ ደረስን፤ አንቺ ደግሞ ሌላ አገር ፍለጋ ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሄድኩ።

አራት ቀን ቆየን። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን የምንሳፈረው ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ነበር። ባቡሩ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጉድጓድ ትገባላችሁ፣ በሌላ ጉድጓድ ትወጣላችሁ፣ በመካከሉ ያለውን አታዩም። ከተማዋ በጭንቅላቴ ውስጥ እንደተሰበረ ገንቦ ስብርባሪ ሆና ቀረች። በመጨረሻው ቀን ገንዘብ ሲያጥረን ነው ትራም የተሳፈርነው። ዋጋው 2 የሆንግ ኮንግ ዶላር ብቻ ነበር።

ትራም በከተማ መንገድ መካከል በተነጠፈ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ በ2015 ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ታውቃላችሁ፤ እዚህም በእየሩሳሌም በ2011 የተጀመረ አለ። የሆንግ ኮንጉ ግን የአያቶች ነው። ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 1904 ነው፤ ማለት አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን። በዚያው ወር ከተማዋን ለእንግሊዝ መንግሥት እንዲያስተዳድር የተሾመው ማቲው ናታን የሚባል አይሁዳዊ ነበር። ከባሕሩ ማዶ በካውሉን በኩል ያለው ትልቁ ጎዳና እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። እንግሊዞች እስከ ሐምሌ 1 ቀን 1997 ገዝተዋት ለቻይና አስረክበዋል፤ የጎዳናው ስም ግን አልተነካም።

ሐዲዱ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ዳርቻ ከምዕራብ ኬኔዲ ታውን እስከ ምሥራቅ ሻው ኬይ ዋን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የከተማዋ ጀርባ ተራራ ነው፣ ፊቷ ባሕር ነው፣ ሜዳ የላትም። ስለዚህ ሰዎቹ ዓመት በዓመት ባሕሩን በአፈርና በድንጋይ እየሞሉ መሬት ሠሩ። ሐዲዱ ሲነጠፍ ብዙው ክፍል ለባሕሩ ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ግን ከትራሙ ወርዶ ባሕሩን ለማየት ብዙ መንገድ፣ ብዙ ፎቅ ማለፍ ያስፈልጋል። የጥንቱ ዳርቻ በየት እንደነበረ ማወቅ የፈለገ ሰው ሐዲዱን ቢከተል አይሳሳትም ማለት ይቻላል።

በ2023 በልጆች የዕረፍት ጊዜ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ዓይኗን ከስልኳ ማንሣት የማትወድ ልጅ ናት። ወሩ እዚህ በጋ፣ በአገር ቤት ክረምት የምንለው ነው። እዚያ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ሙቀቱ እንደ ቤት ሽአን፣ ዝናቡ እንደ ጎንደር ሐምሌ። ይህን ጊዜ ከመሬት በታች ላለመግባት ቆርጬ ነበር። በእግር እንሄዳለን፣ ሲደክመን ትራም እንሳፈራለን።

አሳፋሪው ነገር በ2005 የተሳሳትኩትን በ2023 ደገምኩት። በፊተኛው በር ልገባ ስል ሹፌሩ በእጁ ወደ ኋላ አመለከተኝ። እዚያ የሚገባው በኋላ ነው፤ የሚወጣው በፊት ነው፤ የሚከፈለውም ሲወርዱ ነው፣ በሳንቲም ወይም እንደ ራቭ ካቭ በሚነካ ካርድ። ዋጋው 3 ዶላር ሆኖ ነበር፣ አንድ ሰቅል ተኩል አካባቢ፤ አንድ ጣቢያም ተሄደ እስከ ጫፍ ያው ነው። ልጄ «ኢማ፣ ሳይከፍሉ ቢወርዱስ?» አለችኝ። ወደ በሩ ተመልከቺ አልኳት፤ ሰው ሁሉ በሰልፍ ሹፌሩን እያለፈ ይከፍል ነበር።

ትራሞቹ ከ1912 ጀምሮ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው። ላይኛው ፎቅ ላይ ከፊት ያለው ወንበር የነገሥታት ወንበር ነው። መስኮቱ ይከፈታል፤ ከጎን ያለው ቤት በጣም ከመቅረቡ የተነሣ በሰገነት ላይ የተሰጣውን ልብስ ቀለም፣ በመስኮት በኩል ሰውየው የሚበላውን ሾርባ ታያላችሁ። ሹፌሩ በእግሩ ደወል ይረግጣል፤ የአገሩ ሰው ትራሙን የሚጠራው በዚሁ ድምፅ «ዲንግ ዲንግ» እያለ ነው።

በምዕራብ በኩል ሸንግ ዋን ስንደርስ ሽታው ቀድሞን መጣ። መንገዱ በሙሉ የደረቀ ዓሣ፣ የደረቀ የባሕር አውሬ፣ የደረቀ እንጉዳይ የሚሸጥበት ነው። ልጄ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ሽታው ሳይሆን ሙያው ነው የመጣብኝ፤ ቋንጣ የሰቀለ ቤት ያደገ ሰው በፀሐይና በጨው የሚኖር ምግብ አይገርመውም።

መሀል ከተማ የደረስነው በእሑድ ቀን ነበር። በ1985 የተሠራ፣ ኖርማን ፎስተር የሚባል አርክቴክት የነደፈው ትልቅ የባንክ ሕንፃ አለ፤ ከሥሩ ምድሩ ክፍት ሆኖ ሰው ያልፍበታል። በእሑድ ያ ስፍራ በሴቶች ይሞላል። አብዛኞቹ ከፊሊፒንስ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን በሕግ አላቸው፣ የሚሄዱበት ቤት ግን የላቸውም። ስለዚህ ካርቶን አንጥፈው፣ ጫማቸውን በሥርዓት ደርድረው ይቀመጣሉ። አንዷ የሌላዋን ጸጉር ትሠራለች፣ አንዷ በስልክ ከልጇ ጋር ታወራለች፣ ምግብ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገላበጣል። የዓለም ገንዘብ ከላይ ይቆጠራል፣ ከሥር ሩዝ ይበላል። ልጄ ስልኳን ኪሷ ከተተች። አንዲት ሴት አየችንና ካርቶኗን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችን። ጥቂት ተቀመጥን። ልጄ በእንግሊዝኛ አነጋገረቻት፤ ልጇን ካየች ሁለት ዓመት እንደሆናት ነገረቻት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2005 በዚያ የመጨረሻ ቀን ዋን ቻይ በሚባለው ሰፈር ከትራም ወርጄ ሊ ቱንግ ወደሚባል ጠባብ መንገድ ገብቼ ነበር። ሰዎች «የሠርግ ካርድ መንገድ» ይሉት ነበር። በግራና በቀኝ ትናንሽ ማተሚያ ቤቶች ነበሩ፤ ባለቤቱ ከታች ያትማል፣ ከላይ ሰው ይኖራል። የሚያገባ ሁሉ የጥሪ ካርዱን የሚያሳትመው እዚያ ነበር። አንድ ሽማግሌ አታሚ ስደነቅ አይተው ቀይ ካርድ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ ለናሙና የተሠራ ሰጡኝ። ገንዘብ ሳወጣ እጃቸውን አወናጨፉ። ያን ካርድ በመጽሐፍ መሐል አድርጌ አሥራ ስምንት ዓመት አስቀመጥኩት። በአንዳንዱ ሱቅ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ምን እንደሚል ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። መንገዱ ፈርሶ በአዲስ እንዲሠራ ዕቅዱ ይፋ የሆነው በ2003 ነበር። ነዋሪዎቹና ባለ ሱቆቹ ዝም አላሉም። ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ባለሙያ ፈልገው የራሳቸውን ዕቅድ አዘጋጁ፤ በመሐል ያሉት አሮጌ ቤቶች ይጠገኑ፣ አዲሱ ረጅም ፎቅ በሁለቱ ጫፍ ይሠራ፣ እኛም እዚያው እንኑር የሚል። ዕቅዱ ከባለሙያዎች ማህበር ሽልማት ሲያገኝ የከተማው የፕላን ቦርድ ግን አልተቀበለውም። ሰዎቹ ካሣ እየተቀበሉ ወጡ፣ በ2007 መጨረሻ ማፍረሱ ተጀመረ።

በማህበር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህ ታሪክ እንቅልፍ ይነሣኛል። ካሣው አነስተኛ ነበር ብዬ አይደለም። ካሣ የሚሰጠው ለግድግዳ ነው፤ ለጎረቤትና ለደንበኛ ዋጋ የሚያወጣ የለም። እዚህም ፒኑይ ቢኑይ የሚባል ነገር አለ፤ አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ አዲስ ይሠራል። ዛሬ መርካዝ ክሊታ ያላችሁ ነገ በማሽካንታ ቤት ስትገዙ፣ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በራችሁን ያንኳኳ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ለበጎ ነው። ብቻ ወረቀቱ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት፣ ፊርማውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ሁሉም ግን አልተሸነፈም። በ2015 አንድ ሰው መንገዱ ተጨናንቋልና ትራሙ ከመሀል ከተማ ይነሣ ብሎ ለዚያው ቦርድ አመልክቶ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ተቃውሞውን ጽፎ ላከ፤ ቦርዱም ሐሳቡን ውድቅ አደረገው።

ከልጄ ጋር ካርዱን ይዘን ወደ ሊ ቱንግ ሄድን። ዛሬ መንገዱ ውብ ነው፤ በቀይ ፋኖስ ያጌጠ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ ቡና ቤትና የውበት ሱቅ የሞላበት። እውነቱን ለመናገር ልጄ ወደደችው። እኔ ግን ሽማግሌው ቆመውበት የነበረውን ቦታ መለየት አቃተኝ። አንድ ዘበኛ ካርዱን አይቶ ከአታሚዎቹ አንዳንዶቹ በአቅራቢያው ወዳሉ መንገዶች መሄዳቸውን ነገረን። ሁለት ጊዜ ጠፍተን፣ በዝናብ ረጥበን፣ በሦስተኛው አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘን።

በውስጧ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ። ካርዱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጣታቸው የወርቁን ፊደል ዳሰሱ። ልጄን «የት አገኛችሁት?» አሏት። እናቴ ከድሮው ሊ ቱንግ አምጥታው ነው አለቻቸው። ሴትየዋ ዛሬ እንዲህ ያለ ማተሚያ በሱቃቸው እንደሌለ ነገሩን፣ ፎቶ ላንሣው ብለው ጠየቁን። ካርዱን በጠረጴዛቸው ላይ አስተካክለው አስቀምጠው ሁለት ጊዜ አነሡት፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ዝናቡ አላቆመም ነበር። ጣቢያው ድረስ ሮጥን። ትራሙ ሲመጣ ልጄ እጄን ይዛ በኋላው በር አስገባችኝና ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣን። ኖርዝ ፖይንት ስንደርስ ሐዲዱ በገበያ መሐል ያልፋል፤ ግራና ቀኝ ጎመን፣ ዓሣና ካልሲ ይሸጣል፣ ሰዉም በሐዲዱ ላይ ይሄዳል። ሹፌሩ ደወሉን ሲረግጥ ሰዉ ቀስ ብሎ ይከፈላል፣ ስናልፍ ከኋላችን መልሶ ይገጥማል። ልጄ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ አላስገባችም። እዚያ ስንወርድ የሁለታችንንም ሂሳብ የከፈለችው እርሷ ናት።